ማናቲ፦ ጠላት የሌለው እንስሳ ለምን ይሞታል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ውኃዎች ውስጥ 1,100 ያህል ማናቲዎች ሞተው ተገኙ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሞት ተመዝግቦ አያውቅም። እንስሳቱን የፈጃቸው አዳኝ አውሬ አልነበረም፤ ጦር የወረወረባቸው ሰውም አልነበረም። ብዙዎቹ የሞቱት በረሃብ ነው። የቀኑን ሰፊ ክፍል የውኃ ውስጥ ሣር በመጋጥ የሚያሳልፈው ይህ ግዙፍ እንስሳ የሚግጠው ሣር አጣ። በድርቅ ዘመን ከብቶች ግጦሽ አጥተው ሲያልቁ ያየ ወይም የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ልዩነቱ ድርቁ የደረሰው ውኃ ውስጥ መሆኑ ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ እንስሳ መጻፉ አንዳንድ አንባቢያንን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ ማናቲን የሚገድሉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ስንመረምር በየዕለቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፋቸውን ሦስት ቃላት እናገኛለን፤ እነርሱም ሙቀት፣ ፍጥነትና ብርሃን ናቸው። ሰው የውኃውን ሙቀት፣ በውኃው ላይ የሚጓዙትን ነገሮች ፍጥነት፣ እንዲሁም ወደ ውኃው ውስጥ የሚዘልቀውን የብርሃን መጠን ለውጧል። የማናቲ ተፈጥሮ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ለውጥ ቶሎ ምላሽ ለመስጠት አይመችም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር፣ እነዚህ ሦስት መጠኖች የሚለኩና የሚስተካከሉ በመሆናቸው እንስሳውን ከጥፋት መታደግ የሚቻል መሆኑን ማሳየት ነው።

የዝሆንና የሽኮኮ ዘመድ

ማናቲ ሕይወቱን በሙሉ በውኃ ውስጥ የሚያሳልፍ፣ ዕፀዋትን የሚመገብ አጥቢ እንስሳ ነው። የሚገኝበት ክፍለ መደብ ሲሬኒያ ይባላል። በዚህ ክፍለ መደብ ዛሬ በሕይወት የሚገኙት ዝርያዎች አራት ብቻ ናቸው። የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ማናቲ ከፍሎሪዳ ጀምሮ በካሪቢያን ዳርቻዎች እስከ ብራዚል ይገኛል። የአማዞን ማናቲ በአማዞን ወንዝና በገባሮቹ ብቻ ይኖራል። የምዕራብ አፍሪካ ማናቲ ከሴኔጋል ወንዝ እስከ አንጎላ ባሉት ወንዞች፣ ሐይቆችና የባሕር ዳርቻዎች ይኖራል። አራተኛው ዝርያ ዱጎንግ ሲሆን፣ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ተሰራጭቷል።

ሲሬኒያ የሚለው ስም የመጣው በጥንታዊ የግሪክ አፈ ታሪክ መርከበኞችን በዜማ ያማልሉ ከነበሩት ሲሬኖች ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በጥር 1493 በሂስፓኒዮላ ደሴት አጠገብ ሦስት «የባሕር ሴቶች» ማየቱን፣ ሆኖም በሥዕል እንደሚታዩት ቆንጆዎች አለመሆናቸውን መዝግቧል። ያያቸው ማናቲዎች እንደነበሩ ይታመናል።

ማናቲ መልኩ ዓሣ ነባሪን ወይም የባሕር አንበሳን ቢያስታውስም የቅርብ ዘመዶቹ እነዚህ አይደሉም። የዘር ቅንጣቶች ጥናትም ሆነ የአካል ንጽጽር የሚያሳየው ከሁሉ የሚቀርቡት ዝሆንና በአገራችን ገደላገደሎች የምናውቀው ሽኮኮ መሆናቸውን ነው። የፍሎሪዳው ማናቲ በመቅዘፊያ እጆቹ ጫፍ ላይ የዝሆንን የሚመስሉ ጥፍሮች አሉት። የእናቲቱ ጡቶች የሚገኙት በብብቷ አጠገብ ነው። መንጋጋ ጥርሶቹ እንደ ዝሆን ከኋላ እየበቀሉ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ የፊተኛው ሲያልቅ ይወድቅና የኋለኛው ይተካዋል። የዝሆን የጥርስ ተራ ስድስት ጊዜ ብቻ ሲተካ የማናቲ ግን ዕድሜውን ሙሉ አያቋርጥም። ከአሸዋ ጋር የተደባለቀ ሣር ለሚያኝክ እንስሳ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የዝርያው ቅድመ አያቶች በየብስ ይራመዱ እንደነበርም በጃማይካ የተገኘው 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባለ አራት እግር ቅሪተ አካል ይመሰክራል። ይህን ቅሪት ዳሪል ዶምኒንግ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ፔዞሳይረን በሚል ስም ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቀዋል።

በቁጠባ የሚኖር አካል

አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ የፍሎሪዳ ማናቲ በአማካይ 3 ሜትር ይረዝማል፤ 450 ኪሎ ግራም ያህልም ይመዝናል። ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑም አሉ። በየቀኑ ከሰውነቱ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሣር ይበላል። ለ450 ኪሎ እንስሳ ይህ ከ22 እስከ 45 ኪሎ ግራም ማለት ነው። የባሕር ሣር ግን በጉልበት የበለጸገ ምግብ አይደለም። ስለዚህ የማናቲ አካል በሙሉ ወጪን በመቀነስ ላይ የተመሠረተ ነው።

በመጀመሪያ አርኪሜደስን እናስታውስ። በውኃ ውስጥ ያለ አካል ከሚያፈናቅለው ውኃ ክብደት ጋር እኩል የሆነ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ያርፍበታል። የእንስሳው አማካይ እፍግታ ከውኃው ካነሰ ይንሳፈፋል፤ ከበለጠ ይሰምጣል፤ እኩል ከሆነ ግን ያለ አንዳች ድካም ባለበት ይቆያል። ትላልቅ ሳንባዎች ያሉት እንስሳ ወደ ላይ መንሳፈፉ ስለማይቀር ማናቲ ይህን በከባድ አጥንቶች ያመዛዝነዋል። የጎድን አጥንቶቹ ጥቅጥቅ ያሉና የመቅኒ ጉድጓድ የሌላቸው ናቸው። ሳንባዎቹም በጀርባው ርዝመት ልክ ተጋድመው ስለሚገኙ አካሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል አግድም ይቆማል። ሁለት ክፍል ያለውን ዲያፍራሙን በማጥበቅና በማላላት የአየሩን ይዘት ሲለውጥ፣ ጅራቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ቀስ ብሎ ይወርዳል ወይም ይወጣል። በአንድ ትንፋሽ ከሳንባው አየር 90 በመቶ ያህሉን ይቀይራል። በሥራ ላይ ሳለ በየ3 እና 5 ደቂቃው፣ ሲያርፍ ደግሞ እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ለመተንፈስ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ቁጠባ በሜታቦሊዝሙ ላይ ነው። በእሱ ክብደት ላይ ካለ አጥቢ እንስሳ ከሚጠበቀው የጉልበት ፍጆታ ማናቲ የሚጠቀመው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ብቻ መሆኑ ተለክቷል።

ሦስተኛው በመዋለድ ላይ ነው። እርግዝናው አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ እስከምትደግምም ከ2 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል። ዕድሜው በአንጻሩ ረጅም ነው። በፍሎሪዳ በሰው እጅ ያደገው ስኑቲ የተባለው ማናቲ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 2017 ለ69 ዓመት ኖሯል። እንዲህ ያለ የሕይወት ሥርዓት የሚያዋጣው ትልልቆቹ እንስሳት እምብዛም በማይሞቱበት አካባቢ ነው። ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሁኔታው እንዲያ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰን ማናቲ ለማደን የሚደፍር አውሬ ከቶ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ይህ ቁጠባ የእንስሳው ደካማ ጎን ሆኗል።

ሙቀት

ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ያስተላልፋል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ተደላድሎ የሚቀመጥ ሰው በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውኃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣ ነባሪዎች ይህን የሚቋቋሙት በወፍራም ጮማና በብርቱ ሜታቦሊዝም ነው። ማናቲ ግን ክብ ሆኖ የሚታየው አካሉ አብዛኛው ሆድ ዕቃ እንጂ ጮማ አይደለም፤ በውስጡ የሚነደው እሳትም ደካማ ነው። በመሆኑም ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ለቀናት ከቆየ መመገብ ያቆማል፤ ቆዳው ይቆስላል፤ የበሽታ መከላከያው ይዳከማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ በፍሎሪዳ የተከሰተው ያልተለመደ ብርድ በዚያ ዓመት 282 ማናቲዎችን እንደገደለ ተመዝግቧል።

ፍሎሪዳ የዝርያው ሰሜናዊ ጠርዝ ናት። ማናቲዎቹ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያሉትን የቅዝቃዜ ወራት የሚያሳልፉት ከመሬት በሚፈልቁ ምንጮች ውስጥ ነው። የእነዚህ ምንጮች ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ወደ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለምን አይለዋወጥም? አፈርና ድንጋይ ሙቀትን የሚያስተላልፉት በዝግታ ስለሆነ የወቅቶች ሙቀትና ቅዝቃዜ ወደ መሬት ውስጥ ሲዘልቅ እየደከመ ይሄዳል። ከአሥርና አሥራ አምስት ሜትር ጥልቀት በታች ክረምትም ሆነ በጋ አይታወቅም፤ የሚቀረው የአካባቢው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ነው። የከርሰ ምድሩ ውኃም ይህንኑ አማካይ ይዞ ይወጣል። ማናቲው ባለፈው የሞቃት ወራት የተቀመጠለትን ሙቀት ይጠቀማል ማለት ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ሌላ የሙቀት ምንጭ ተፈጠረ። ነዳጅ እያነደዱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጣቢያዎች በባሕር ዳርቻ ተሠሩ። በሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ መሠረት ሙቀትን ወደ ሥራ የሚለውጥ ማንኛውም ሞተር ከተቀበለው ሙቀት የተወሰነውን ወደ ቀዝቃዛ አካል መጣል ግዴታው ነው። እነዚህ ጣቢያዎችም ይህን ትራፊ ሙቀት ወደ ባሕሩ ለቀቁት። ማናቲዎች ሞቃቱን ውኃ አገኙ፤ እናቶች ለግልገሎቻቸው መንገዱን አሳዩ፤ ግልገሎቹም ሲያድጉ ወደዚያው ተመለሱ። በታምፓ አጠገብ ያለው ቢግ ቤንድ የተባለው ጣቢያ ፈሳሽ መውጫ በይፋ የማናቲ መጠለያ ሆኖ ተከልሏል። በቅዝቃዜ ወራት ከፍሎሪዳ ማናቲዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ሙቀት ላይ የተደገፉ መሆናቸው በጥናት ታይቷል።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ ጣቢያዎች አርጅተው መዘጋታቸው አይቀርም፤ ለከባቢ አየርም መዘጋታቸው ይበጃል። ሆኖም በአንድ የብርድ ሌሊት ሙቀቱ ቢቋረጥ ወደ ተፈጥሮ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ያልተማሩት እንስሳት ወዴት ይሄዳሉ? በመሆኑም የማናቲ ጥበቃ ባለሙያዎች የተዘጉ ምንጮችን መክፈት፣ የምንጮቹን የውኃ መጠን ከመጠን ካለፈ የጉድጓድ ውኃ ፍጆታ መጠበቅ፣ እንዲሁም ጣቢያዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት የሽግግር ዕቅድ ማዘጋጀት አስፈላጊ መሆኑን አጥብቀው ያሳስባሉ።

ፍጥነት

ማናቲ የሚግጠው ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ነው፤ ለመተንፈስም ወደ ላይ መውጣት አለበት። የፍሎሪዳ ነዋሪና ጎብኚም የሞተር ጀልባውን የሚነዳው በዚሁ ውኃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ130 በላይ ማናቲዎች በጀልባ ተመትተው ሞተዋል። በሕይወት ያሉትም ቢሆኑ አብዛኞቹ በጀርባቸው ላይ የፕሮፔለር ጠባሳ አለባቸው። ተመራማሪዎች አንዱን ማናቲ ከሌላው የሚለዩት በእነዚህ ጠባሳዎች ነው፤ ለዓመታት የተሰበሰበውን የፎቶግራፍ መዝገብም ያዘጋጁት በዚሁ ዘዴ ነው።

የጠባሳው ብዛት ሊያሳስተን አይገባም፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በፕሮፔለሩ ስለት ሳይሆን በጀልባው አካል ግጭት ነው። የማናቲ አጥንት ጥቅጥቅ ያለ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። የተሰበረ የጎድን አጥንት በጀርባ በኩል ያለውን ሳንባ ይወጋል። እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ጀልባው ፍጥነቱን በሰዓት ከ48 ወደ 12 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ 1/16ኛ ይወርዳል። ጊዜውንም እንመልከት። በ48 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ጀልባ 40 ሜትሩን በ3 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በ12 ኪሎ ሜትር የሚመጣው ግን 12 ሰከንድ ይፈጅበታል። ዘጠኙ ሰከንድ ለዝግተኛው እንስሳ ወደ ጥልቁ ለመውረድ፣ ለጀልባ ነጂውም አይቶ ለመታጠፍ ያስችላል። «የዝግታ ቀጠና» የሚባለው ሕግ የቆመው በዚህ ቀላል ስሌት ላይ ነው።

ለመሆኑ ማናቲው ጀልባው ሲመጣ አይሰማም? ይህን ጥያቄ ኤድመንድ ገርስታይን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሠለጠኑ ማናቲዎች ላይ ፈትነውታል። በ1990ዎቹ ያገኙት ውጤት እንስሳቱ በተለይ የሚሰሙት ከ6 እስከ 20 ኪሎ ሄርትዝ ያሉትን ከፍ ያሉ ድግግሞሾች እንደሆነ፣ ዝቅተኛ ድምፆችን ግን እምብዛም እንደማይሰሙ አመለከተ። የጀልባ ሞተር ድምፅ አብዛኛው ጉልበት ደግሞ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ባላቸው ሞገዶች ላይ ነው። በዚህም ላይ የውኃው ወለል ራሱ ተጨማሪ ችግር ይፈጥራል። በውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ100 ሄርትዝ ሞገድ ርዝመት 15 ሜትር ነው። ፕሮፔለሩ ከወለሉ በታች ያለው ግን ከአንድ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ነው። ወደ ላይ የሄደው ሞገድ ከወለሉ ሲንጸባረቅ ይገለበጣል፤ ከቀጥተኛው ሞገድ ጋር ሲደመርም ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። በድምፅ ፊዚክስ ይህ ክስተት የሎይድ መስታወት ይባላል። ስለዚህ በወለሉ አቅራቢያ ያለ ማናቲ የሚደርሰው ዝቅተኛ ድምፅ ይብሱን የደከመ ነው።

ከዚህ በመነሣት ገርስታይን ቀስ ብሎ የሚሄድ ጀልባ ለማናቲ ጆሮ ከፈጣኑ ይልቅ ድብቅ ሊሆን እንደሚችል ተከራክረዋል፤ በጀልባዎች ላይ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲገጠምም ሐሳብ አቅርበዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እንስሳቱ ጀልባ ሲቀርብ ወደ ጥልቅ ውኃ እንደሚዞሩ በዓይን የታየ መሆኑን ጠቅሰው፣ ዋናው ችግር መስማት ሳይሆን ለማምለጥ የሚቀረው ጊዜ ማነስ ነው ይላሉ። ተማሪዎች ከዚህ ክርክር የሚማሩት ነገር አለ። ሁለቱም ወገኖች ስለ እንስሳው ደኅንነት የሚጨነቁ ናቸው፤ የሚለያዩት በልኬት አተረጓጎም ላይ ነው። ሆኖም የትኛውም ወገን ቢረታ የፍጥነት ስኩዌር ሕግ አይለወጥም።

ብርሃን

አሁን በመግቢያችን ወዳነሣነው የ2021 እልቂት እንመለስ። አብዛኛው ሞት የደረሰው በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኢንዲያን ሪቨር በሚባለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የባሕር ሐይቅ አካባቢ ነው። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ወለሉ ለብዙ ዘመን በባሕር ሣር የተሸፈነ ነበር።

የባሕር ሣር እውነተኛ አበባ የሚያብብ፣ ሥር ያለው ተክል ነው፤ ምግቡንም በብርሃን አስተፃምሮ ያዘጋጃል። ለመኖር በውኃው ወለል ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ማግኘት አለበት። ብርሃን ደግሞ ወደ ውኃ ሲዘልቅ በእያንዳንዱ ሜትር የተወሰነ እጅ እየተቀነሰ ይሄዳል። በየሜትሩ 40 በመቶ ብርሃን የሚጠፋበት ጥሩ ውኃ ቢሆን ሣሩ ከ3 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ መብቀል ይችላል። ውኃው ደፍርሶ በየሜትሩ የሚጠፋው 80 በመቶ ቢሆን ግን የሣሩ ድንበር 1 ሜትር ላይ ያበቃል። ጠፍጣፋ ወለል ባለው ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ እጅግ ሰፊ የግጦሽ መሬትን በአንድ ጊዜ ያጨልማል።

ውኃውን ያደፈረሰው ምንድን ነው? ከእርሻና ከግቢ ሣር የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከመኖሪያ ቤቶች የሚሰርገው ፍሳሽ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይዞ ወደ ሐይቁ ይገባል። ይህን የሚመገቡት በተለምዶ አልጌ የሚባሉት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች በፍጥነት ይራባሉ። እነርሱ ከወለሉ አጠገብ ተንሳፈው ብርሃኑን ይሻማሉ፤ ከታች ያለው ሣር ይሞታል። ሣሩ ሲሞት ደለሉን የሚይዝ ሥር ስለማይኖር ውኃው ይበልጥ ይደፈርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በተደጋጋሚ በተከሰተ የዋቅላሚ ወረራ ምክንያት በአሥር ዓመት ውስጥ ከሐይቁ የባሕር ሣር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠፋ።

ሙቀትና ብርሃን በአንድነት የሚገድሉትም እዚህ ላይ ነው። በኬፕ ካናቬራል ባለው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሞቃት ውኃ የተጠለሉት ማናቲዎች በዙሪያቸው ሣር አልነበረም። ሣር ፍለጋ ርቀው ቢሄዱ ብርዱ ይገድላቸዋል፤ ባሉበት ቢቆዩ ረሃቡ ይገድላቸዋል። የመንግሥት ባለሥልጣናት ከዚያ በፊት ያልተሞከረ እርምጃ ወስደው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ በነበሩት የብርድ ወራት ከ90 ቶን በላይ ሰላጣ በሐይቁ ውስጥ በተኑ። አንድ ማናቲ በቀን 30 ኪሎ ግራም ይበላል ብለን ብናሰላ 90 ቶን ለ100 እንስሳት ለአንድ ወር ብቻ የሚበቃ ነው። እርዳታው ሕይወት ያተረፈ ቢሆንም ሣሩን ሊተካ አይችልም።

ከ27 ዓመት በኋላ

እስከ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሲሬኒያ ዝርያዎች አምስት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1741 በቪቱስ ቤሪንግ የሚመራ የሩሲያ የአሰሳ ቡድን መርከቡ ተሰብሮ በሰሜን ሰላማዊ ውቅያኖስ በአንዲት ሰው አልባ ደሴት ላይ ቀረ። ከቡድኑ ጋር የነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌኦርግ ስቴለር በደሴቲቱ ዙሪያ እስከ 8 ሜትር የሚረዝም፣ ሰውን የማይሸሽ የባሕር ላም አይቶ መዘገበ። ቁጥሩ ያኔም ከ2,000 እንደማይበልጥ ይገመታል። ወሬው ሲሰማ ለቆዳ ንግድ ወደዚያ የሚጓዙ አዳኞች እንስሳውን ለስንቅ ያርዱት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1768 የመጨረሻው ተገደለ። ለሳይንስ ከታወቀ በኋላ የቆየው 27 ዓመት ብቻ ነው።

ከቀሩት አራቱ አንዱም ከስጋት ነፃ አይደለም። የአማዞን ማናቲ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጠንካራ ቆዳው ለማሽን ቀበቶ ስለሚፈለግ በአሥር ሺዎች ታድኗል። የምዕራብ አፍሪካው ማናቲ ለሥጋው ይታደናል፤ በዓሣ መረብ ይጠመዳል፤ ግድቦችም መንጋውን ከመንጋ ይለያዩታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት ንግዱ ሙሉ በሙሉ ከተከለከሉት ዝርያዎች ተርታ ገብቷል። የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ዱጎንግም እ.ኤ.አ. በ2022 በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመድቧል፤ ለአካለ መጠን ከደረሱት የቀሩት ከ250 እንደማይበልጡ ተገምቷል።

የስሌቱ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማናቲዎች በተመቻቸ አካባቢ እንኳ ሲራቡ የተለካው ዕድገት በዓመት 6 በመቶ ገደማ ነው። በፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የተደረገው ግምት የማናቲዎቹን ቁጥር ከ8,350 እስከ 11,730 ያደርሰዋል። 1,100 ሞት ማለት ከዚህ አንድ አሥረኛው ያህል ነው። እንዲህ ያለ ዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደጋገም የብዙ ዓመታት ዕድገት ይጠፋል።

ጥበቃ ፍሬ ያፈራል

ይህ ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። የፍሎሪዳ ታሪክ ግን ተቃራኒውንም ያስተምራል። ግዛቲቱ ማናቲን ከአደን የሚከላከል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1893 ነበር። በ1972 የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ፣ በ1973 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ፣ በ1978 ደግሞ የፍሎሪዳ የማናቲ መጠለያ ሕግ ተከታትለው ወጡ። ብሉ ስፕሪንግ በሚባለው ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመራማሪዎች የቆጠሩት 14 ማናቲዎችን ብቻ ነበር። ቦታው የግዛት ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ጀልባ በቅዝቃዜው ወራት እንዳይገባ ተከለከለ። እንስሳቱ እየተዋለዱም ከሌላ ቦታ እየመጡም በጥር 2024 በአንድ ቀን ከ900 በላይ ተቆጠሩ። በግዛቲቱ በሙሉ ከአየር ላይ በ1991 በተደረጉት ቆጠራዎች የታዩት ከ1,500 አይበልጡም ነበር። ይህን ዕድገት መሠረት በማድረግ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርያውን «ለመጥፋት ከተቃረቡት» ወደ «ስጋት ካለባቸው» ዝቅ አደረገው። ከአራት ዓመት በኋላ የደረሰው እልቂት ግን ውሳኔው ችኩል እንደነበር ለሚናገሩት ብርቱ ማስረጃ ሆነላቸው። በ2023 የሞቱት ቁጥር ከ600 በታች ወርዷል፤ የዚያ ዓመት ቁጥርም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ለእኛስ?

አንድ ጠያቂ ተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ማናቲ በደቡብ አሜሪካ እምቦጭን ይበላል። ታዲያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን የወረረውን አረም እንዲበላልን ለምን አናመጣውም?» ጥያቄው ቧልት አይደለም። በ1950ዎቹ በጉያና የመስኖና የመጓጓዣ ቦዮችን ከአረም ለማጽዳት ማናቲዎች በእርግጥ ጥቅም ላይ ውለዋል። ነገር ግን እናስላው። ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር ላይ ከ200 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። በቀን 45 ኪሎ የሚበላ አንድ ማናቲ ይህን ለመጨረስ 12 ዓመት ይፈጅበታል፤ አረሙ ግን በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የደጋው ሐይቅ ብርድም ለዚህ እንስሳ አይስማማም። ከሁሉም በላይ እምቦጩ ራሱ ወደ አገራችን የመጣው ሰው ከተፈጥሮ ቦታው አንሥቶ ስላዛወረው ነው፤ አንዱን ባዕድ ፍጥረት በሌላ ባዕድ ማከም ችግሩን ያባብሰዋል።

ከማናቲ የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ኢንዲያን ሪቨርን ያጨለመው ከየብስ የታጠበ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው፤ በሐይቆቻችን ላይ አረምና ዋቅላሚ የሚያበዛውም ከየብስ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ነው። የውኃውን የብርሃን ማሳለፍ ደረጃ በየወሩ የለካ ሰው በነበረ ጊዜ የሣሩ ሞት ከእንስሳቱ ሞት ብዙ ዓመት ቀድሞ ይታያል። ለዚህ ልኬት የሚያስፈልገው መሣሪያ ሴኪ ዲስክ የሚባል በገመድ የታሰረ ጥቁርና ነጭ ሳህን ነው፤ ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ከቆርቆሮና ከቀለም ሊሠራው ይችላል። በባሕር ዳር፣ በአዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በባቦጋያ አጠገብ የምትማሩ ተማሪዎች ሳህኑን በወር አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ቁጥሩን ከነቀኑ ብትመዘግቡ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንም ያልነበረው መረጃ በእጃችሁ ይገኛል።